ተመልሶ የሚያርፍ ሮኬት ምን ይለውጣል? ለአንድ የፊዚክስ መምህር ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ከፍኖተ ሰላም የደረሰኝ ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ «የ11ኛ ክፍል ፊዚክስ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ቀጥ ብሎ ተመልሶ የሚያርፈውን ሮኬት በስልክ አይተው በጥያቄ አጣደፉኝ። ለመመለሻ የሚሆን ነዳጅ ተሸክሞ መውጣቱ ኪሳራ አይደለም ወይ? ክንፍ ያለው የአሜሪካው የጠፈር መንኮራኩር ስፔስ ሸትልም ይመለስ ነበር፤ ታዲያ እሱ ለምን ቀረ? አንዷ ተማሪ ደግሞ ጮቄ ላይ ወጥተን ብንተኩስስ ነዳጅ አይተርፍም ወይ አለችኝ። ሁሉም በአንድነት የጠየቁኝ ግን በእኛ ዕድሜ ተራ ሰው ወደ ማርስ ሲሄድ እናያለን ወይ የሚለውን ነው። በሰሌዳ ላይ ሠርቼ ላሳያቸው የምችለው ስሌት ካለም ቢጠቁሙኝ።»

መምህር፣ ተማሪዎችዎ ያነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ ሌላውን የሚወልድ በመሆኑ በአንድነት እመልሳቸዋለሁ። እኔ ባሕር ዳር ውስጥ ለሜካኒካል ምህንድስና ተማሪዎች ስለ ሞተሮችና ስለ ጋዝ ፍሰት አስተምራለሁ፤ የሮኬት ነገርም ከዚሁ ሙያ የሚቀዳ ነው። አቋሜን አስቀድሜ ላስቀምጥ። ሮኬትን መልሶ መጠቀም በእርግጥ ትልቅ ለውጥ ነው፤ ለውጡ ግን ብዙዎች እንደሚያስቡት የመንገደኛ ቲኬት መርከሱ አይደለም። ወደ ምህዋር፣ ማለትም ዕቃ ምድርን ወደሚዞርበት መንገድ፣ ሊላክ የሚችለው ክብደት መብዛቱና በረራው ከመደጋገሙ የተነሳ ስለ አደጋ የሚገኘው እውቀት መጨመሩ ናቸው ዋናዎቹ ለውጦች። ሰው ከምድር ርቆ ይሄድ እንደሆነ የሚወስኑት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከጮቄው ጥያቄ ልጀምር፤ ከሁሉም ይልቅ ወደ ጉዳዩ ሥር የሚወስደን እሱ ነው። የጮቄ ጫፍ ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። አንድ ኪሎ ግራም ዕቃ ከባሕር ጠለል እዚያ ድረስ ለማውጣት ወደ 40 ሺህ ጁል ጉልበት ይበቃል፤ ያንኑ ዕቃ ጠፈር ይጀምርበታል ወደሚባለው የ100 ኪሎ ሜትር ከፍታ ለማድረስ ደግሞ ወደ 1 ሚሊዮን ጁል ያስፈልጋል። ይሁን እንጂ እዚያ የደረሰ ዕቃ ፍጥነት ከሌለው ተመልሶ ይወድቃል። ምድርን እየዞረ እንዲቆይ በሰከንድ 7.8 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 28,000 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ጎን መጓዝ አለበት፤ ይህም በእያንዳንዱ ኪሎ ግራም 30 ሚሊዮን ጁል ማለት ነው። እንግዲህ የጠፈር ጉዞ ዋናው ፈተና ፍጥነት እንጂ ከፍታ አይደለም፤ ጮቄ ላይ መውጣት የሚያተርፈው ከሚያስፈልገው ጉልበት ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም።

ጎጃም ለምድር ወገብ ቅርብ መሆኑ ግን እውነተኛ ጥቅም አለው። የምድር ሽክርክሪት በእኛ ኬክሮስ ላይ ወደ ምሥራቅ በሰከንድ 457 ሜትር ያህል ፍጥነት በነጻ ሲሰጥ፣ በፍሎሪዳው ኬፕ ካናቬራል የሚሰጠው 408 ሜትር ያህል ነው። ልዩነቱ 50 ሜትር ገደማ ሲሆን በሰከንድ ከ9 ኪሎ ሜትር በላይ ለሚፈልግ ሥራ ትንሽ ቢሆንም የሚናቅ አይደለም። ጮቄን ለዚህ ሥራ የማይመች የሚያደርገው ሌላ ነገር ነው፤ ከዚያ ወደ ምሥራቅ የተተኮሰ ሮኬት የሚጥለው እርከን፣ ማለትም ነዳጁን ሲጨርስ የሚለየው የሮኬቱ ክፍል፣ ሕዝብ በሚኖርበት በወሎና በአፋር ምድር ላይ ይወድቃል። ማምጠቂያዎች በአብዛኛው ባሕር ዳርቻ ላይ የሚሠሩት በዚህ ምክንያት ነው። ቻይና በመሃል አገር ካላት ከሺቻንግ ማምጠቂያ የተነሱ ሮኬቶች ያገለገሉ እርከኖቻቸውን በመንደሮች አቅራቢያ የጣሉባቸው ጊዜያት አሉ። ራሱን መርቶ በተመደበለት ቦታ የሚያርፍ እርከን ይህንን አደጋ የሚያስቀር መሆኑ ከገንዘቡ ጥቅም ያነሰ ክብደት ሊሰጠው አይገባም።

ወደ ነዳጁ ጥያቄ እንለፍ። እንደ እርስዎ የትምህርት ቤት መምህር የነበረው ሩሲያዊው ኮንስታንቲን ጺዮልኮቭስኪ በ1903 ያሳተመው ቀመር፣ ሮኬት የሚያገኘው የፍጥነት ለውጥ ከሞተሩ የሚወጣው ጋዝ ፍጥነት በመነሻና በመድረሻ ክብደቱ ውድር ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም ተባዝቶ የሚገኝ መሆኑን ያሳያል። በአየር ሰበቃና በስበት የሚባክነው ሲታከልበት ምህዋር ለመድረስ በሰከንድ 9.4 ኪሎ ሜትር ያህል ያስፈልጋል፤ ኬሮሲንና ፈሳሽ ኦክስጅን ከሚያቃጥል ጥሩ ሞተር የሚወጣው ጋዝ ፍጥነት ደግሞ በአማካይ 3.3 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሎጋሪዝሙ ሲፈታ የመነሻው ክብደት የመድረሻውን 17 እጥፍ መሆን አለበት ማለት ነው። በሌላ አነጋገር ከ100 ቶን ውስጥ 94ቱ ነዳጅና ኦክስጅን ሲሆን፣ በቀረው 6 ቶን ውስጥ ታንከሩም፣ ሞተሩም፣ ኮምፒውተሩም፣ ጭነቱም መግባት አለባቸው። ሮኬት በእርከን የተከፋፈለው፣ ባዶውን ታንከር መሸከም ከአቅም በላይ በመሆኑ ነው። ለ50 ዓመታት ያህል መሐንዲሶች ሮኬትን አንዴ ተጠቅመው ሲጥሉ የኖሩት ከስንፍና ወይም ከገንዘብ ትርፍነት ሳይሆን ይህ ቀመር ለመመለሻ የሚሆን ትርፍ የሚሰጥ ስላልመሰላቸው ነው።

ታዲያ ተመላሹ እርከን ነዳጁን ከየት አመጣው? የመጀመሪያው ነጥብ፣ የሚመለሰው ሙሉው ሮኬት ሳይሆን የመጀመሪያው እርከን ብቻ መሆኑ ነው። ስፔስኤክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሚሠራው ፋልከን 9 የተባለው ሮኬት እርከኑን የሚለየው 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በሰከንድ ወደ 2 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት ነው። ጉልበት በፍጥነት ካሬ ስለሚያድግ በዚህ እርከን ላይ ያለው እያንዳንዱ ኪሎ ግራም የያዘው የእንቅስቃሴ ጉልበት፣ ምህዋር ላይ ያለ ኪሎ ግራም ከያዘው 15 ጊዜ ያህል ያንሳል። ሁለተኛው ነጥብ፣ በዚያን ሰዓት እርከኑ ነዳጁን ጨርሶ ባዶ ሊሆን ምንም ያህል ያልቀረው በመሆኑ እሱን ለማቆም የሚያስፈልገው ነዳጅ ሲነሳ ከነበረው በጣም ጥቂቱ ነው፤ ከፍጥነቱም አብዛኛውን የሚገድለው አየሩ ራሱ ነው። ሦስተኛውና ለተማሪዎች በጣም ግልጽ የማይሆነው ነጥብ፣ በሁለተኛው እርከን ላይ የሚጨመር አንድ ኪሎ ከጭነቱ ላይ አንድ ኪሎ ሲቀንስ፣ በመጀመሪያው እርከን ላይ የሚጨመር ኪሎ ግን የሚቀንሰው የዚያን ጥቂት እጅ ብቻ መሆኑ ነው። ስለዚህ ኪሳራው አለ፤ ተማሪዎችዎ ልክ ናቸው። ፋልከን 9 እርከኑ እንዲጣል ከተፈረደበት ወደ ዝቅተኛ ምህዋር 22.8 ቶን ማንሳት ሲችል፣ እርከኑ ባሕር ላይ በቆመ መድረክ እንዲያርፍ ሲደረግ የሚያነሳው 17.5 ቶን ያህል ነው። ከአራት አንድ እጅ የሚጠጋ ጭነት ተሰውቶ፣ ዘጠኝ ሞተሮች ያሉበት የሮኬቱ ውድ ክፍል ይተርፋል።

አወራረዱን በተመለከተ ቪዲዮው የማያሳየው ነገር አለ። እርከኑ ከተለየ በኋላ በታመቀ ናይትሮጅን ጋዝ ራሱን ያዞራል፤ ወደ ጥቅጥቁ አየር ከመግባቱ በፊት ሦስት ሞተሮችን አስነስቶ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ አለዚያ ሙቀቱ ይጎዳዋል፤ ከዚያም በአናቱ በኩል በተዘረጉ አራት የወንፊት ቅርጽ ባላቸው የታይታኒየም መቅዘፊያዎች እየተመራ ይወርዳል። የመጨረሻው ደረጃ ከሁሉም የከበደ ነው። ከዘጠኙ ሞተሮች አንዱ ብቻ ነድዶ እስከሚቻለው ዝቅ ቢደረግ እንኳ ግፊቱ ከባዶው እርከን ክብደት ስለሚበልጥ፣ እርከኑ እንደ ሄሊኮፕተር አየር ላይ ቆሞ ማሰብ አይችልም። ፍጥነቱ ዜሮ የሚሆንበት ቅጽበትና ከፍታው ዜሮ የሚሆንበት ቅጽበት መገጣጠም አለባቸው፤ ሞተሩ ቀድሞ ከነደደ እርከኑ መሬት ሳይነካ ተመልሶ ይነሳል፣ ከዘገየ ደግሞ ይከሰከሳል። ይህንን ውሳኔ በሰከንድ ክፍልፋይ ውስጥ የሚወስነው የሒሳብ ስልት፣ ቤህቸት አቺክመሼና ላርስ ብላክሞር የተባሉ ባለሙያዎች በመጀመሪያ ለማርስ ማረፊያ መንኮራኩሮች ብለው ከሠሩት ጥናት ጋር የሚዛመድ ነው። ቀጥ ብሎ ተነስቶ ቀጥ ብሎ ማረፍ ራሱ አዲስ አይደለም፤ ዲሲ-ኤክስ የተባለ አነስተኛ የሙከራ ሮኬት በ1993 አድርጎታል። አዲስ የነበረው ጭነቱን ምህዋር ያደረሰ ሮኬት እርከን ዲሴምበር 21 ቀን 2015 ኬፕ ካናቬራል ላይ መቆሙ ነው። ብሉ ኦሪጅን የተባለው ኩባንያ ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብሎ ኒው ሼፐርድን ማሳረፉ የሚያስመሰግነው ቢሆንም፣ ያ ሮኬት ወደ ላይ ወጥቶ የሚመለስ ብቻ በመሆኑ ከላይ ባየነው የጉልበት ሒሳብ ሥራው በጣም የቀለለ ነበር።

አሁን ወደ ስፔስ ሸትል። ይህ ጥያቄ ከሁሉም ይበልጥ ሊብራራ የሚገባው ነው፤ ምክንያቱም «መመለስ» ብቻውን ዋጋ እንደሌለው የሚያስተምረን እሱ ነው። ሸትሉ በ1970ዎቹ ሲታቀድ በዓመት በርካታ አሥርት ጊዜ ይበርራል፣ ዋጋውም በእጅጉ ይረክሳል ተብሎ ነበር። ኤፕሪል 12 ቀን 1981 መብረር ጀምሮ በ2011 ከአገልግሎት እስኪወጣ ድረስ በ30 ዓመታት ውስጥ የበረረው 135 ጊዜ ነው፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ከፍተኛው ቁጥር በ1985 የተመዘገበው 9 በረራ ነበር። ምክንያቱ በሁለት በረራዎች መካከል የሚጠይቀው ሥራ ነው። ከሙቀት የሚከላከሉት ከ24,000 በላይ ጡቦች በየበረራው ይመረመሩ ነበር፤ ዋና ሞተሮቹ ወርደው ይፈተሹ ነበር፤ በጎን የታሰሩት ሁለቱ ጠንካራ ነዳጅ ሮኬቶች ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ጨዋማ ውኃ ተጎትተው ከወጡ በኋላ ተፈታትተው እንደገና ይሞሉ ነበር፤ ትልቁ የነዳጅ ታንከር ደግሞ በየጊዜው ይጣል ነበር። ከቡሬ በቆሎ ጭኖ አዲስ አበባ የሚሄድ አይሱዙ ከእያንዳንዱ ምልልስ በኋላ ሞተሩ ወርዶ ተበታትኖ ሁለት ወር ጋራዥ የሚቆም ቢሆን፣ መኪናው አልተጣለም ብሎ ባለቤቱን ማጽናናት አይቻልም። የሸትሉም ሒሳብ እንዲሁ ነበር።

ከዚህ የባሰው የደኅንነቱ ጉዳይ ነው። ሸትሉ ያለ አብራሪ እንዲበር አልተሠራም፤ የመጀመሪያ የምህዋር በረራው እንኳ ጆን ያንግንና ሮበርት ክሪፕንን ይዞ የተደረገ ነው። ሳተላይት ለማድረስ ብቻ በሚደረግ ጉዞም ሰዎች ነፍሳቸውን ይዘው ይወጡ ነበር፤ በሚነሳበት ጊዜ አደጋ ቢደርስም በቂ የማምለጫ ዘዴ አልነበረም። ቻሌንጀር የተባለው ሸትል ጃንዋሪ 28 ቀን 1986 ከተነሳ ከ73 ሰከንድ በኋላ፣ ኮሎምቢያ የተባለው ደግሞ ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2003 ሲመለስ ጠፍተው 14 ጠፈርተኞች ሞተዋል። ይህ ማለት ከ68 በረራዎች አንዱ ሰው አጥፍቷል ማለት ነው።

የፋልከን 9 ነገር የተለየው በዚህ ነው። የሚመለሰው እርከን ሰው የሌለበት፣ የምህዋርን ሙቀት የማይጋፈጥና ብዙ ጡብ የማያስፈልገው በመሆኑ አንዳንዱ ከ2 ሳምንት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ዳግም በርሯል፤ አንድ እርከን ከ30 ጊዜ በላይ የተጠቀሙበት አጋጣሚም አለ። የፋልከን ሮኬቶች በ2024 ብቻ ከ130 ጊዜ በላይ ተተኩሰዋል፤ ሸትሉ በ30 ዓመት የበረረውን ያህል ማለት ይቻላል። ስለ ትርፉ ግን ባለሙያዎች አንድ አልነበሩም። የስፔስኤክስ ባለቤት ኢላን መስክ አንድ እርከን ሁለት ጊዜ ከበረረ ወጪው እንደሚመጣጠን፣ ሦስት ጊዜ ከበረረ ትርፍ እንደሚያስገኝ ሲናገር፣ የተፎካካሪው ኩባንያ የዩኤልኤ ኃላፊ የነበረው ቶሪ ብሩኖ በአማካይ 10 በረራ ያስፈልጋል ብሎ ነበር። በእኔ አስተያየት ሁለቱም በየራሳቸው ሁኔታ ሊያስኬድ የሚችል ነገር ተናግረዋል። በዓመት አምስት ጊዜ ብቻ ለሚተኩስ ድርጅት መልሶ መጠቀም ፋብሪካውን ሥራ ፈት ከማድረግ በቀር የሚሰጠው ጥቅም ትንሽ ነው፤ መቶ ጊዜ ለሚተኩስ ግን ያለ እሱ ሥራው አይታሰብም። ለዚህም ነው ስፔስኤክስ ስታርሊንክ የተባሉትን የራሱን የኢንተርኔት ሳተላይቶች በሺዎች እየላከ ለሮኬቱ ሥራ የፈጠረለት። ለውጭ ደንበኛ የሚጠየቀው ዋጋ ግን በዚያው ልክ አልወረደም፤ በ2022 የነበረው የአንድ በረራ ዋጋ 67 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን ለ17.5 ቶን ሲካፈል በኪሎ 3,800 ዶላር ያህል ይመጣል። ወጪ ቀነሰ ማለት ዋጋ ቀነሰ ማለት አለመሆኑን ተማሪዎችዎ ቢያውቁ መልካም ነው።

ሰውን በተመለከተ ግን እኔ ከገንዘቡ ይልቅ የምመለከተው ሌላ ነገር ነው። የሚጣል ሮኬት ምን ሊሰበር ተቃርቦ እንደነበር ሳይነግረን ባሕር ውስጥ ይገባል፤ የሚመለስ እርከን ግን ተከፍቶ ይታያል፣ የተሰነጠቀው ይገኛል፣ የሚቀጥለው ይታረማል። የፋልከን 9 ጭነት የጠፋባቸው ሦስት ትልልቅ አደጋዎች፣ ማለትም በጁን 2015 በአየር ላይ፣ በሴፕቴምበር 2016 በማምጠቂያው ላይ ለሙከራ ነዳጅ ሲሞላ፣ በጁላይ 2024 ደግሞ ምህዋር ላይ የደረሱት ሦስቱም የተነሱት ከሁለተኛው፣ ማለትም ከማይመለሰው እርከን ነው። ሦስት አጋጣሚ ሕግ አያወጣም፤ የመጀመሪያው እርከንም በ2012 በበረራ ላይ አንድ ሞተር አጥቶ ያውቃል፣ ዋናው ጭነት ግን በቀሩት ሞተሮች ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ደርሷል። ይሁን እንጂ የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ ራሱ በጊዜ ሂደት አመለካከቱን ለውጧል። በሜይ 2020 ዳግ ሀርሊና ቦብ ቤንከን ድራጎን በተባለው የስፔስኤክስ መንኮራኩር ሲላኩ ሮኬቱ አዲስ ነበር፤ ኤፕሪል 23 ቀን 2021 ግን አራት ጠፈርተኞች ቀድሞ በበረረ እርከንና ቀድሞ በበረረ መንኮራኩር ተልከዋል። ዛሬ ጥቂት ጊዜ የበረረ እርከን ከፋብሪካ ከወጣው ይልቅ የሚታመን መሆኑን የሚክድ መሐንዲስ ብዙም አላገኝም። ለማነጻጸር ያህል፣ ናሳ ለእነዚህ የሰው ማመላለሻዎች ያስቀመጠው መስፈርት ሰው የማጣት ዕድል ከ270 አንድ እንዳይበልጥ የሚል ነው። ይህ ከሸትሉ የተሻለ ቢሆንም ከመንገደኞች አውሮፕላን ጋር ጨርሶ የማይቀራረብ ነው፤ ወደዚያ የሚያደርሰው መንገድም በሺዎች የሚቆጠር በረራ ብቻ ነው።

የቀረው ትልቅ ሥራ ሁለተኛውን እርከን መመለስ ነው። ስታርሺፕ የተባለው የስፔስኤክስ ግዙፍ ሮኬት ይህንን የሚሞክር ሲሆን በ33 ሞተሮች ይነሳል፤ የሚያቃጥለውም ሜቴንና ፈሳሽ ኦክስጅን ነው። ሜቴን የተመረጠው ሲቃጠል ሞተሩን በጥላሸት ስለማይደፍን፣ እንዲሁም ከማርስ አየርና ከማርስ በረዶ ሊሠራ ስለሚችል ነው። ኦክቶበር 13 ቀን 2024 ግዙፉ የታችኛው እርከን ወደ ተነሳበት ማማ ተመልሶ በሁለት የብረት ክንዶች ተይዟል። የላይኛው ክፍል ግን በሰከንድ 7.8 ኪሎ ሜትር ሊጠጋ በሚችል ፍጥነት ተመልሶ አየር ውስጥ ስለሚገባ፣ የሸትሉ የጡብ ችግር እንደገና ገጥሞታል፤ በጃንዋሪና በማርች 2025 የተላኩት ሁለት መንኮራኩሮች ወደ ላይ ሲወጡ ተበታትነው ስብርባሪያቸው በካሪቢያን አካባቢ ወድቋል፤ በኦገስትና በኦክቶበር የተላኩት ደግሞ ሙቀቱን ተቋቁመው ህንድ ውቅያኖስ ላይ ወርደዋል። በተጨማሪም ይህ መንኮራኩር ሰው ጨረቃ ላይ እንዲያሳርፍ ምህዋር ላይ እያለ ከሌሎች ነዳጅ ጫኝ መንኮራኩሮች ነዳጅ መቅዳት አለበት፤ ከመንኮራኩር ወደ መንኮራኩር የሚደረግ እንዲህ ያለ ትልቅ የነዳጅ ማስተላለፍ እስከ 2025 መጨረሻ አልተደረገም። ለአንድ የጨረቃ ጉዞ በርካታ ነዳጅ ጫኝ በረራ በአጭር ጊዜ ውስጥ ሊከናወን የሚችለው ሮኬቱ ተመላሽ ከሆነ ብቻ ነው።

ማርስን በተመለከተ፣ መልሶ መጠቀም የማይለውጠውን ነገር በግልጽ መናገር አለብኝ። ጉዞው ለመሄጃ ብቻ ከ6 እስከ 9 ወር ይወስዳል፤ የሁለቱ ፕላኔቶች አቀማመጥ የሚመቸው በየ26 ወሩ ገደማ ነው፤ ስለዚህ ደርሶ መልስ ሦስት ዓመት ሊጠጋ ይችላል። ኪዩሪዮሲቲ የተባለችው ተሽከርካሪ በ2011 እና በ2012 ስትጓዝ በለካችው መሠረት፣ በመሄጃና በመመለሻ ብቻ ሰው የሚቀበለው ጨረራ 660 ሚሊሲቨርት (የጨረራ መጠን መለኪያ) ያህል ነው፤ ናሳ ለአንድ ጠፈርተኛ ለሥራ ዘመኑ ሁሉ የፈቀደው ግን 600 ነው። ክብደት አልባ በሆነ ሁኔታ የሚቆይ ሰው ሸክም የሚሸከሙ አጥንቶቹ በወር ከመቶ 1 እስከ 1.5 እጅ ይሳሳሉ። መልእክት ለመድረስ ብቻ ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ስለሚወስድ ከምድር ሐኪም ጋር መነጋገር አይቻልም። እነዚህ ሁሉ ሮኬቱ ስለረከሰ የሚጠፉ ችግሮች አይደሉም።

ሆኖም ክብደት መላክ ሲቀል መፍትሔያቸው ይቀርባል፤ ከላይ ክብደት ያልኩትም ለዚህ ነው። ዛሬ መንኮራኩር ሲነደፍ እያንዳንዱ ግራም ስለሚቆጠር ግድግዳው ስስ፣ መለዋወጫው ጥቂት፣ ዕቃው በጣም ውድ ይሆናል። ብዙ ቶን መላክ ከተቻለ ለጨረራ መከላከያ ውኃን በዙሪያው ማከማቸት፣ ሁለተኛና ሦስተኛ መለዋወጫ መያዝ፣ ምግቡንና የመመለሻውን መሣሪያ ሰው ከመሄዱ ከሁለት ዓመት በፊት ልኮ በደኅና መድረሱን ማረጋገጥ ይቻላል። ማርስ ላይ ኦክስጅን የመሥራቱ ሙከራም ተጀምሯል፤ ሞክሲ የተባለው መሣሪያ ከ2021 እስከ 2023 ከማርስ አየር 122 ግራም ኦክስጅን አውጥቷል። ለአንድ ሮኬት መመለሻ የሚያስፈልገው ግን በብዙ ቶን የሚለካ ነው።

እንግዲህ ለተማሪዎችዎ ምን ልበላቸው? ጨረቃ ላይ ጥቂት ሰዎች እየተፈራረቁ የሚሠሩበት ጣቢያ በዕድሜያቸው የሚያዩ ይመስለኛል። ማርስን የሚረግጡ ጥቂት ሰዎችንም ሊያዩ ይችላሉ፤ ይህ ግን በሚቀጥሉት ጥቂት ዓመታት ይሆናል የሚለውን ተስፋ አልጋራም። ተራ ሰው ቲኬት ቆርጦ ማርስ ላይ ይሰፍራል የሚለውን ደግሞ አላምንበትም፤ ችግሩ ከሮኬቱ አልፎ የሰው አካል ላይ ደርሷልና። ለእኛ ቅርብ የሆነው ለውጥ ሌላ ነው። 70 ኪሎ ያህል የምትመዝነው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት በዲሴምበር 2019፣ ሁለተኛዋ በዲሴምበር 2020 የተላኩት በቻይና ሮኬቶች ነው። ፋልከን 9 አነስተኛ ሳተላይቶችን በጋራ መጫን ሲጀምር ለ200 ኪሎ የተጠየቀው 1 ሚሊዮን ዶላር ነበር። የጣናን እምቦጭ መስፋፋት ወይም የጮቄን ደን መመናመን በየሳምንቱ የሚከታተል የራሳችን ትንሽ ሳተላይት ቢኖረን፣ ማምጠቂያው ከእንግዲህ ትልቁ ወጪ አይሆንም፤ መሣሪያውን የሚሠሩና መረጃውን የሚያነቡ ሰዎች ማፍራት ይበልጥ ይከብዳል። እነዚያ ሰዎች አሁን በእርስዎ ክፍል ውስጥ ሊሆኑ ይችላሉ ብዬ ከልቤ አስባለሁ።

በመጨረሻ የጠየቁኝ ስሌት ይኸውና። 500 ቶን የሚመዝን ሮኬት ይውሰዱ፤ የጋዙ ፍጥነት 3.3፣ የሚያስፈልገው ፍጥነት 9.4 ኪሎ ሜትር በሰከንድ ይሁን። በአንድ እርከን ብቻ ከሄደ ውድሩ 17.3 ስለሚሆን ምህዋር የሚደርሰው 29 ቶን ነው፤ ባዶው ሮኬት 25 ቶን ከሆነ ለጭነት 4 ቶን ይቀራል፣ 5 ቶን የመመለሻ ነዳጅና እግር ቢጨመርበት ግን ጭነቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። አሁን ሥራውን ለሁለት እርከኖች እኩል ያካፍሉት፤ ለእያንዳንዱ 4.7 ኪሎ ሜትር በሰከንድ ሲደርስ ውድሩ 4.15 ይሆናል። የመጀመሪያው እርከን ነዳጁን ሲጨርስ 120 ቶን ይቀራል፤ 25 ቶን የሆነው ባዶ እርከን ሲጣል 95 ቶን፤ ሁለተኛው ሲጨርስ 23 ቶን፤ ከዚህ ላይ የሁለተኛው ባዶ ክብደት 4 ቶን ሲቀነስ ለጭነት 19 ቶን ይገኛል። በመጀመሪያው እርከን ላይ 15 ቶን የመመለሻ ነዳጅና ዕቃ ይጨምሩና እንደገና ያሰሯቸው፤ ጭነቱ ወደ 15.3 ቶን ይወርዳል፣ የጠፋውም 3.6 ቶን ብቻ ነው። ያንኑ 15 ቶን በሁለተኛው እርከን ላይ ቢጭኑት ግን ከ19 ቶኑ የሚተርፈው 4 ቶን ነው። ፋልከን 9 ለምን የመጀመሪያውን እርከን ብቻ እንደሚመልስ፣ ሁለቱንም መመለስ የፈለገው ስታርሺፕስ ለምን ያን ያህል ግዙፍ መሆን እንዳስፈለገው ከእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ልዩነት ራሳቸው ሊደርሱበት ይችላሉ።